ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ ፊት ያለው ስድሳ ሜትር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። የመንገድ ላብራቶሪ ሲባል ነጭ ጋዋንና የሚያብረቀርቅ ብልቃጥ መስሎኝ ነዋ! አዳማ፣ ከከተማው መውጫ ያለው ግቢ ስደርስ የጠበቀኝ አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የአፈር ከረጢትና አቧራ ነው። የአዳማን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ጫማዬ ምን ቀለም እንደነበረው ለራሴም ጠፍቶኝ ነበር።

የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሽ መኮንን ይባላሉ። አጠር ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን ያያችሁ እያሉ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ስሜን ከጠየቁኝ በኋላ መሮ፣ መዶሻ፣ ማንኪያ፣ የላስቲክ ከረጢትና ደረቅ አሸዋ የተሞላ ትልቅ ጠርሙስ አሸከሙኝ። ከዚያ በፒክአፕ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ወስደው አወረዱኝ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። በሮለር የተጠቀጠቀ መንገድ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። የወጣውን ጠጠር አንድ ሳታስቀሩ በማንኪያ ለቅማችሁ ትመዝናላችሁ። ከዚያ ጉድጓዱን በጠርሙሱ አሸዋ ትሞላላችሁ። ስንት አሸዋ እንደገባ ስታውቁ መንገዱ ምን ያህል እንደተጠቀጠቀም ታውቃላችሁ።

«የት ልቆፍር ጋሼ?» አልኳቸው።

«አንተ ምረጥ።»

ዞር ዞር ብዬ ደልደል ያለ፣ የዛፍ ጥላም ያረፈበት ቦታ አየሁና ተንበረከክኩ። መሮዬን ሁለት ጊዜ እንደመታሁ መጥተው በላዬ ቆሙ።

«ምነው እዚህ?»

«ደህና ቦታ ይመስላል ብዬ ነው።»

«ታደሰ፣ እግርህን ቢያምህ ሐኪም ቤት ሄደህ ደህነኛውን እግር ነው የምታሳየው?»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ መኮንን ግን አልሳቁም። ክንዴን ይዘው ሮለሩ በቅጡ ያልደረሰበት ዳር፣ ከውሃ መውረጃው አጠገብ ወሰዱኝ። እዚያ ቆፈርኩ። ውጤቱ አላለፈም፤ ተቋራጩም ዳሩን እንደገና እንዲጠቀጥቅ ታዘዘ። የተቋራጩ ፎርማን ያን ቀን ምሳ ሲበላ እያየኝ ነበር የሚያኝከው።

ከዚያ በኋላ ረዳት ቴክኒሻን፣ ቀጥሎም ቴክኒሻን ሆንኩ። ጋሽ መኮንን ጡረታ ሲወጡ የላብራቶሪ ኃላፊ ተብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። የወንበሩ አንድ እግር አጭር ነበር፤ ሹመቴን ያከበርኩት ከሥሩ ካርቶን አጥፌ በማስገባት ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ መልካሳ፣ ዓለም ጤና፣ ያልቆፈርኩበት መንገድ የለም። ቢሾፍቱ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ የመዘንኩትን ናሙና ከነከረጢቱ ረግጦብኝ፣ በማን እንደምናደድ ጠፍቶኝ ባለጋሪውንም ፈረሱንም ሰድቤያለሁ።

እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ሁለት ነገር አይቸግረንም፤ ነፋስና ለመንገድ መሠረት የሚነጠፍ ቀይ ገረጋንቲ። መንገድ ሲያረጅ የምንሠራውም አንድ ነገር ነበር። አሮጌውን አስፋልት ነቅለን ገደል እንደፋለን። ከዚያ ኮረብታ ንደን አዲስ ገረጋንቲ በገልባጭ እናመጣለን። አንድ መንገድ ስናድስ አንድ ኮረብታ እንበላለን ማለት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ አዲሱ አሠራር መጣ። አሮጌው አስፋልት አይጣልም ተባለ። እዚያው ቦታው ላይ፣ ከሥሩ ካለው ገረጋንቲ ጋር ይፈጫል፤ ጥቂት ሲሚንቶና ውሃ ይቀላቀልበታል፤ በግሬደር ይስተካከላል፤ በሮለር ይጠቀጠቅና ለአዲሱ መንገድ መሠረት ይሆናል። በላዩ ስስ አስፋልት ይለብሳል፣ አለቀ። አንድ ጥብቅ ሕግ ብቻ አለው፤ ሲሚንቶው ውሃ ከነካው በኋላ ጊዜ አይሰጥም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተፈጭቶ፣ ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ማለቅ አለበት።

መፍጫ ማሽኑ ሲመጣ ለማየት ግማሽ አዳማ ወጥቶ ነበር። ትልቅ ቤት ያህላል። ከሆዱ ሥር ጥርስ የተተከለበት ከበሮ አለው። ኦፕሬተሩ ካሳሁን፣ አፉ የማያርፍ የሞጆ ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን «ወፍጮዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ስትበላሽ «ዛሬ ወፍጮዋ ጾም ናት» ይለናል። ጥርሷ ሲሰበር ደግሞ «ጥርስ ሐኪም ጥሩልኝ» እያለ ግቢውን ያዳርሳል።

እኔ በበኩሌ ለሁለት ወር ላብራቶሪ ውስጥ ተቀብሬ ከረምኩ። ከአሮጌው መንገድ የወጣውን ፍጭ በኖራም በሲሚንቶም፣ ባነሰም በበዛም እየለወስኩ በብረት ቅርጽ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ሰባት ቀን አስተኛዋለሁ። ዘበኛችን በመስኮት አይቶ «ለማን ድግስ ነው ይህ ሁሉ ዳቦ?» ብሎኛል። በሰባተኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን እሰብራቸዋለሁ። ሲሚንቶ የገባባቸው እንቢ ሲሉ፣ ማሽኑ ሲያቃስት መስማት ደስ ይለኝ ነበር። አሠራሩን ያመንኩበት ያኔ ነው።

አሠራሩን በመንገድ ላይ የምንሞክረው ዓለም ጤና ሆነ። ኦቦ ገመዳንም ያወቅኳቸው እዚያ ነው።

ኦቦ ገመዳ ሽንኩርት አምራች ናቸው። ማሳቸው ከገረጋንቲ ማውጫው ኮረብታ ሥር ነው። ጉድጓዱ በየመንገድ ሥራው እየሰፋ እየሰፋ መጥቶ ከማሳቸው ዳር ደርሷል። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ብታዩ በአንድ በኩል ቀይ ገደል፣ በሌላው በኩል አረንጓዴ የሽንኩርት መደብ ነው። ጉድጓዱን ወደ ማሳው የሚያሰፋው ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ብቻ ቀርቶት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የሥራው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ኢንጂነር ሰላማዊት ናት። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ በሥራ ግን አለቃዬ ነበረች፣ ጎበዝ አለቃ። ነገሩን ለኦቦ ገመዳ በፊቴ ነው የነገረቻቸው።

«አባባ፣ የሙከራው መንገድ በሰባት ቀኑ ፈተናውን ካለፈ ሌላ ገረጋንቲ አንፈልግም። ማሳዎም አይነካም። ካላለፈ ግን ካሳ ተከፍሎዎት ይወሰዳል። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚፈትነው ማነው?»

«እሱ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ላብራቶሪያችን ወደ ሆነችው ድንኳን ይመጣሉ። «አካም ጂርታ ታደሰ?» ይሉኛል። «ፈያዳ ኦቦ ገመዳ» እላቸዋለሁ። ከዚያ በርሜል ላይ ተቀምጠው ስመዝን ያያሉ። ስለ ማሳው አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ሲሄዱ በፌስታል ሽንኩርት ትተው ይሄዳሉ። ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ ከፊሉ ሜዳ፣ ከፊሉ በሱቆቹ ፊት ያልፋል። በማለዳ መንገዱን በኖራ መስመር ካሬ ካሬ አድርገን ከፋፈልን። በየካሬው መሃል አንድ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አስቀመጥን። ሠራተኞቹ ከረጢቱን ቀደው በረጅም እጀታ መግፊያ አስተካክለው በተኑት። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጣ። ወፍጮዋ ከሜዳው በኩል ተነስታ እየፈጨች ወደ ሱቆቹ ልትመጣ ነበር ዕቅዱ።

ወፍጮዋ ግን ጾም ሆነች። ከቦቴው ውሃ የሚያቀብላት ጎማ ገና ሳትነሳ ፈነዳ። ካሳሁን ጎማውን እየሰደበ ሲጠግን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። እኔ በሜዳው ጫፍ ነበርኩ። ቀደም ብዬ መሬት ላይ ባነጠፍኳት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሸራ ላይ ያረፈውን ሲሚንቶ እየመዘንኩ፣ ስርጭቱ ልክ መሆኑን ሳረጋግጥ ነፋሱ ተነሳ።

ቀና ስል በሱቆቹ በኩል ነጭ ደመና አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ደመናው ጠፋ። መጥፋቱ ነው ያስደነገጠኝ። ሸራዬን ጥዬ ሮጥኩ።

እትዬ ዘሃራ በልጅነታቸው ወሎን ለቀው መጥተው ዓለም ጤና የኖሩ ባለሱቅ ናቸው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ የማይሸጡት የለም። በእነዚህ ከተሞች ያለ ባለሱቅ ሁሉ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ከደጁ ላይ ውሃ ይረጫል፣ አቧራው እንዳይነሳ። እትዬ ዘሃራ ያን ቀን ነጩ አቧራ ስኳራቸው ላይ ሲያርፍ አይተው ባልዲያቸውን አነሱ። ጎረቤቶቻቸውንም ጠሩ። እንግዳ ይመጣል ስለተባለ ደግሞ ከወትሮው ጨመር አድርገው፣ መሃል መንገዱ ድረስ እየገቡ ነው የረጩት። ስደርስ ስድሳ ሜትር ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር ርሶ ግራጫ ሆኗል።

ባልዲያቸውን ይዘው ፊታቸው በፈገግታ በርቶ ጠበቁኝ።

«አብሽር ልጄ፣ አቧራውን አስተኛሁላችሁ! ወላሂ ዓይናችሁ ሊጠፋ ነበር።»

ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኳቸው።

ማድረግ ያለብኝን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሥራው ይቆማል። የረጠበው ሲሚንቶ ተጠርጎ ይጣላል። በምትኩ አዲስ ይበተናል። ነገር ግን ትርፍ ሲሚንቶ አልነበረንም፤ የመጣው ለሙከራው የሚበቃው ብቻ ነው። ኢንጂነር ሰላማዊት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶችን ልታመጣ አዳማ ሄዳለች። ማዶ ደግሞ ከግራሩ ሥር ኦቦ ገመዳ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሙከራው ገና በመጀመሪያው ቀን ተበላሸ ቢባል ያ ደብዳቤ ማኅተም ያገኛል ብዬ ፈራሁ።

በዚህ መሃል ወፍጮዋ ተነሳች፤ እየፈጨች መጥታ ከእርጥቡ ጫፍ ላይ ቆመች። ካሳሁን ከላይ አንገቱን አወጣ።

«ይሄ እርጥብ ነው እኮ!»

«ከበሮው ይፈጨዋል፤ ቀጥል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቀጥል አልኩህ!»

«ላብራቶሪው አንተ ነህ» አለና ቀጠለ። ከበሮው ሥር ባቄላ ባቄላ የሚያህል የደረቀ ሲሚንቶ ሲንከባለል አየሁ። ግሬደሩ አስተካከለው፤ ሮለሩ ተመላለሰበት። እንግዶቹ ሲደርሱ ሦስት መቶው ሜትር ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ልሙጥና ያማረ ነበር። ጨበጡኝ።

የተጠቀጠቀው መሠረት ሲሚንቶው እስኪይዝ ሰባት ቀን እርጥበት ሳይለየው መቆየት አለበት። ቦቴው በማይደርስበት ሰዓት ባለሱቆቹ ውሃ እንዲረጩልን ጠየቅናቸው። እትዬ ዘሃራ ባልዲያቸውን ይዘው ከልባቸው ረጩ። በእነዚያ ሰባት ቀናት ከእርሳቸው የተሻለ ሠራተኛ አልነበረንም። እኔ ግን ባልዲውን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

በሰባተኛው ቀን ኢንጂነር ሰላማዊት ቅጹን ሰጠችኝ።

«ናሙና የምንቆርጥበት ስድስት ነጥብ ይምረጡ ጋሽ ታደሰ። ቦታውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

እውነቷን ነው፤ አውቀው ነበር። የጋሽ መኮንን የእግርና የሐኪም ቤት ምሳሌ ትዝ አለኝ። ትዝ እያለኝ ስድስቱንም ነጥብ ከሜዳው በኩልና ከወዲያኛው ጫፍ መረጥኩ። ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ ፊት አንድም የለም። በመቁረጫው ማሽን እየቆረጥን ያወጣናቸው ስድስት ድፍን ዓምዶች እንደ ዓለት ነበሩ። ሁሉም አለፉ። ፈረምኩ።

ኦቦ ገመዳ ሲሰሙ አልጮኹም፤ አልዘለሉም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። በማግስቱ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት አዳማ ቤቴ ድረስ ላኩ። ባለቤቴ ለጎረቤት አድላ፣ ለቤተሰብ ልካ፣ የቀረውን ወር ሙሉ ሠራችበት። እኔን ግን ምግቡ አልወርድ አለኝ። ጨጓራዬ ነው እያልኩ ከረምኩ።

አሠራሩ ጸደቀ። ወፍጮዋ ከዓለም ጤና ተነስታ በመንገዱ ሙሉ መውረድ ጀመረች። የጉድጓዱ ደብዳቤ ከፋይሉ ሥር ገባ። መንገዱ አስፋልት ለበሰ፤ ሽንኩርት የጫኑ መኪኖችም ይመላለሱበት ጀመር። ከዚያ ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ።

መስከረም ላይ እትዬ ዘሃራ ደወሉልኝ።

«ታደሰ ልጄ፣ መንገዱ ሁሉ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የእኔ ደጅ ብቻ ምን አድርጎ ነው?»

ስደርስ ስድሳው ሜትር እንደ ተሰነጠቀ ሰሐን ሆኗል። በሁለት ቦታ ሰርጎ ውሃ ቋጥሯል። ባጃጆች ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይሸሹታል። ከስድሳው ሜትር በፊትም በኋላም አንድ ስንጥቅ የለም።

በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቡድን መጣ። መሪው አሠራሩን ከጥንትም ያልወደደው ሰው ነበር። በጫማው ጫፍ ስንጥቁን ነካ ነካ አደረገው።

«እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ። አሮጌ አሮጌ ነው፤ ሲሚንቶ ቢቀቡት አዲስ አይሆንም። ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ሌላውም ይከተላል። ሥራው ይቁም። የገረጋንቲውን ደብዳቤ አውጡና አምጡልኝ።»

ኢንጂነር ሰላማዊት የእኔን ውጤት ይዛ ተከራከረች። «ስድስት ናሙና አልፏል። ጋሽ ታደሰ የፈረሙበት ነው» ስትል ሰማኋት። በእኔ ፊርማ መከራከሯ አንጀቴን በላው። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር ኦቦ ገመዳም ማዶ መጥተው ቆመዋል። ለማሳው ብዬ የደበቅኩት ነገር ማሳውን ሊያስወስድ ነው። ወደ ቡድኑ መሪ ጠጋ አልኩ። ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የአሠራሩ አይደለም። የእኔ ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ባልዲውን፣ የረጠበውን ሲሚንቶ፣ «ይፈጨዋል» ያልኩትን፣ ስድስቱን ነጥብ እንዴት እንደመረጥኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።  ካሳሁን መሬት መሬት ያያል።

ኢንጂነር ሰላማዊት ቅጹን ቀስ ብላ አጠፈች።

«ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም?»

«የኦቦ ገመዳ ማሳ ይወሰዳል ብዬ።»

«በስድሳ ሜትር? ቢነግሩኝ እኮ ስድሳውን ሜትር አስጠርጌ፣ ሲሚንቶ አስመጥቼ በሳምንቱ እናሠራው ነበር። ስሕተት እንዲታይበት እኮ ነው ሙከራ የተባለው!»

ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ያ ሁሉ ወር ሆዴን የበላኝ ነገር ያኔ ብናገር ኖሮ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር።

የቡድኑ መሪ በቃሌ ብቻ አላመነኝም፤ አልፈረድኩበትም። መቁረጫ ማሽኑን አመጣን። ራሴ ሁለት ቦታ ቆረጥኩ፤ አንዱን ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ ፊት፣ ሌላውን ከስድሳው ሜትር ወጣ ብሎ አሥር እርምጃ ላይ። የመጀመሪያው እንደ ደረቀ ቂጣ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ሁለተኛውን ካሳሁን በመዶሻ መታው፤ መዶሻው ነጠረ። ሰውዬው ሁለቱንም ሲያገላብጥ ቆየና «ደብዳቤው ይቆይ» አለ።

ኦቦ ገመዳ ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠብቀው ወደ እኔ መጡ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«አዎ ኦቦ ገመዳ።»

«ይሄን ሁሉ ወር በሰላም ስተኛ ነበር። ለካ ማሳዬ ያለው አንተ አፍ ላይ ነው።» ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሁለተኛ ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ።»

ተቆጥተው ሄዱ። ለብዙ ሳምንት ወደ ድንኳኔ አልመጡም። ሽንኩርቱም ቀረ፤ እኔም ምግብ መብላት ጀመርኩ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለስድስት ወር ውጤት ላይ መፈረም ተከለከልኩ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲፈርም አያለሁ። ስድሳው ሜትር ተነቅሎ እንደገና ሲሠራ ግን ከመጀመሪያው ከረጢት እስከ መጨረሻው ሮለር ቆሜ እንድውል ኢንጂነር ሰላማዊት አዘዘችኝ። ቅጣት ብላው ከሆነ አልተሳካላትም። ደስ እያለኝ ነው የቆምኩት።

እትዬ ዘሃራ ነገሩን ሲሰሙ ከፍቷቸው ነበር። «መንገዱን ያፈረስኩት እኔ ነኛ» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም እትዬ። ሲሚንቶ መሆኑን፣ ውሃ እንደማይፈልግ ማን ነገርዎት? ማንም። እኛ ነን ያልነገርናችሁ።»

ባልዲያቸውን አዩት። «አሁን ይፈልጋል አይፈልግም?»

«አሁን አይፈልግም። ከተጠቀጠቀ በኋላ ይፈልጋል።»

ድጋሚው በሚሠራበት ቀን ከሱቃቸው ፊት በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። ባልዲ የያዘ ሰው ከየትም ብቅ ቢል «ወዲያ! ወዲያ!» ይላሉ። አንዲት ጎረቤታቸው እጇን ልትታጠብ በጆግ ውሃ ይዛ ብትወጣ እንኳ መለሷት። ካሳሁን ከወፍጮዋ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ፎርማን ይሁኑልን!» ሲላቸው በኩራት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ማታ ሮለሩ ጨርሶ ሲወጣ ባልዲያቸውን አንስተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አሁን» አልኳቸው። ረጩ።

ከዚያ ወዲህ በምንሠራበት ከተማ ሁሉ አንድ ሥራ ተጨመረ። ሲሚንቶ ከመበተኑ ከአንድ ቀን በፊት ሱቅ ለሱቅ፣ ቤት ለቤት እንዞራለን። በአማርኛም በኦሮምኛም ነገ ውሃ አትርጩ እንላለን። አቧራው እንዳያስቸግራቸው ከየደጃፋቸው ባለው የመንገድ ዳር ራሳችን ቀድመን ውሃ እንረጫለን። መመሪያው ላይ አልነበረም፤ አሁን አለ።

ኦቦ ገመዳ ሁለት ወር ቆይተው አንድ ቀን ድንኳኔ ገቡ። «አካም ጂርታ?» አሉና በርሜሉ ላይ ተቀመጡ። «ፈያዳ» አልኩ። ስመዝን አዩ። ሲሄዱ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ትተው ሄዱ። ባለቤቴ ማታ ወጥ ስትሠራበት ሁለቴ አስጨመርኩ።

ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ መቂ በኩል ለመጨረሻ ጊዜ ናሙና ወሰድኩ። አዲሱ ክፍል አምሮ ነበር፤ ኢንጂነር ሰላማዊትም ችኮላ ላይ ነበረች።

«የት እንቁረጥ ጋሽ ታደሰ?»

ጠዋት ቦቴው ቆሞ ውሃ ሲያንጠባጥብ ያየሁበትን ቦታ በእግሬ አሳየኋት። ቆረጥን። አላለፈም። ሃያ ሜትር ነቅለን በማግስቱ እንደገና ሠራን፤ በዚያ የተነሳ ማንም ማሳውን አላጣም።

በዚህ ሙያ ያሳለፍኩትን ዘመን ምን አስተማረህ ለምትሉኝ አንድ ነገር ነው የምለው። ናሙና የሚወሰደው ከተጠረጠረው ቦታ ነው። ቀሪው መመሪያው ላይ ተጽፏል።